የባሕር ዳርቻ ዕረፍትንና የወፍ ምልከታን በአንድ ጉዞ ማጣመር፦ ከአዲስ አበባ ወደ ዋታሙ ለሚጓዝ ቤተሰብ ዝርዝር መመሪያ

ቤተሰብን ይዞ ወደ ባሕር ዳርቻ ለመሄድ ሲታሰብ፣ ከቤቱ አባላት አንዱ ወፍ ወዳድ ከሆነ የፍላጎት ግጭት መፈጠሩ አይቀርም። ልጆች አሸዋና ውሃ ይፈልጋሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ የከረመ ሰው ጥላ ሥር አረፍ ማለት ያምረዋል፤ ወፍ ወዳዱ ደግሞ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ጫካና ጭቃማ ሜዳ መዞር ይሻል። ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚፈታው አንዱን ቀን ለባሕር፣ ሌላውን ቀን ለወፍ በመመደብ ነው። በእኔ እምነት ይህ አከፋፈል ሁለቱንም ወገን ይጎዳል፤ ምክንያቱም ወፎች በቀትር ሙቀት አይገኙም፣ ባሕሩም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ለዋና የሚመች አይደለም። የሚበጀው እያንዳንዱን ቀን በባሕሩ ሙላትና ጉድለት መሠረት መደልደል ነው። ውሃው መቼ እንደሚሞላና መቼ እንደሚጎድል አስቀድሞ ያወቀ ሰው፣ ለወፍ የሚመቸው ሰዓት ለዋና ከሚመቸው ሰዓት ጋር ብዙ ጊዜ እንደማይጋጭ ያያል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በሙሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

መጀመሪያ፦ መድረሻውን መምረጥ

ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ሰው በቅርብ የሚገኙ የባሕር ዳርቻዎች ጥቂት አይደሉም፤ ጅቡቲ፣ ሞምባሳ፣ ዛንዚባር፣ እንዲሁም ሲሼልስ አሉ። ለወፍም ለቤተሰብም እኩል የሚመች አንድ ቦታ ምረጥ ብባል ግን ያለ ማመንታት የምጠራው ከሞምባሳ በስተሰሜን 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘውን የኬንያዋን ዋታሙን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነጭ አሸዋው፣ ኮራል የተባለው ድንጋይ መሰል የባሕር ፍጥረት ያለበት የባሕር ፓርክ፣ ማንግሮቭ የተባለው በጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ የከበበው ሚዳ ክሪክ እና 420 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሰፋው የአራቡኮ ሶኮኬ ደን፣ ሁሉም ከአንድ ማረፊያ በአጭር የመኪና ጉዞ ይደረሳሉ። ልጆችን ለሰዓታት መኪና ውስጥ ሳያሰቃዩ ይህን ሁሉ ማየት የሚቻልበት ሌላ ቦታ በአካባቢያችን አላውቅም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ወደ ሞምባሳ በቀጥታ ይበርራል፤ በረራው ከ2 ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ከሞምባሳ ወደ ዋታሙ የሚወስደው የመኪና መንገድ ግን እንደ ከተማው የትራፊክ ሁኔታ 2 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ስለሚችል፣ ማረፊያ ቤቱ መኪና እንዲልክ አስቀድሞ መስማማት ይበጃል። በናይሮቢ በኩል ሄዶ በአገር ውስጥ በረራ ማሊንዲ መውረድም ይቻላል፤ ማሊንዲ ለዋታሙ በጣም ትቀርባለች፣ ነገር ግን ከትንንሽ ልጆች ጋር አውሮፕላን መቀየር የራሱ ድካም አለው።

ሁለተኛ፦ ወቅቱን መወሰን

በዚህ ላይ የትምህርት ቤት መርሐ ግብርና የባሕሩ ጠባይ አይስማሙም። ልጆቻችን ረጅሙን ዕረፍት የሚያገኙት በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን፣ በዚያ ወቅት ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው፣ የአገሩ ሰዎች ኩሲ የሚሉት ነፋስ በኬንያ ባሕር ዳርቻ ላይ ይበረታል። ባሕሩ ይናወጣል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ የባሕር አረምም በአሸዋው ላይ ይከመራል። ከሰሜን የሚመጡት ወፎችም አብዛኞቹ በዚያን ጊዜ በመራቢያ አገራቸው ናቸው። በአንጻሩ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ድረስ ካስካዚ የተባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ሲነፍስ ባሕሩ ይረጋል፣ ውሃው ይጠራል፣ ባሕሩ ሲጎድል የሚገለጠው ጭቃማ ሜዳም ከሩቅ በመጡ ወፎች ይሞላል። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ በገናና በጥምቀት መካከል ያለውን ጊዜ፣ ወይም የመንፈቅ ዓመቱን የትምህርት ዕረፍት ይምረጡ። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ወራት ረጅሙ የዝናብ ወቅት ስለሆኑ አልመክራቸውም።

በክረምት ብቻ ዕረፍት የሚያገኝ ቤተሰብም ተስፋ አይቁረጥ። ከማሊንዲ በስተሰሜን ሳባኪ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት ቦታ፣ ከማዳጋስካር ተሻግራ የምትመጣ፣ በአየር ላይ ነፍሳትን እያሳደደች የምትመገብ የማዳጋስካር ፕራቲንኮል የተባለች ወፍ በመንጋ የምትታየው ልክ በእነዚህ ወራት ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረምም ሃምፕባክ የተባሉት ዓሣ ነባሪዎች በዋታሙ ፊት ለፊት ያልፋሉ። በወንዙ አፍ ጉማሬ ስላለ ልጆችን ይዞ ያለ አካባቢው አስጎብኚ መቅረብ አይገባም።

ሦስተኛ፦ ቀኑን በጨረቃ መቁረጥ

ይህ የመመሪያው ዋና ክፍል ስለሆነ፣ ትኬት ከመቆረጡ በፊት በጥሞና እንዲነበብ እፈልጋለሁ።

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ በሙላትና በጉድለት መካከል ከ6 ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ያልፋል፣ ሰዓቱም በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይገፋል። በኬንያ ባሕር ዳርቻ በከፍተኛ ሙላትና በዝቅተኛ ጉድለት መካከል ያለው ልዩነት እስከ 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ይህ ማለት ጠዋት ልጆች የዋኙበት ቦታ ከሰዓት በኋላ ባዶ አሸዋና ድንጋይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። ያልጠበቀ ቤተሰብ ባሕሩ ሸሸብን ብሎ ያዝናል፤ የጠበቀ ቤተሰብ ግን በየኩሬው የቀሩትን ትንንሽ ዓሦችና የባሕር ኮከቦች ሊያይ ይወጣል።

ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ ከሁሉ የበለጠ ይሆናል፤ በእነዚያ ቀኖች በዚህ ዳርቻ ባሕሩ የሚሞላው ከቀኑ 10 ሰዓትና ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ፣ የሚጎድለው ደግሞ ከጠዋቱ 4 ሰዓትና ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ነው። ጨረቃ ግማሽ በምትሆንበት ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል፤ ልዩነቱ አነስተኛ ሆኖ ሙላቱ ወደ ጠዋቱ 4 ሰዓት ይጠጋል። ከዚህ የምናገኘው ጥቅም ትልቅ ነው። ጨረቃ ግማሽ በሆነችበት ሰሞን፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ውሃው እየጨመረ ወፎቹን ወደ ዳር ይገፋቸዋል፤ ወፍ ወዳዱ ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ ቤተሰቡ ቁርሱን በልቶ፣ ባሕሩም ሞልቶ ለዋና ዝግጁ ይሆናል።

ስለዚህ የአንድ ሳምንት ጉዞ ከሆነ፣ ጨረቃ ግማሽ በምትሆንበት ቀን ወይም በማግስቱ ዋታሙ እንዲደርሱ አድርገው ትኬት ይቁረጡ። የሳምንቱ መጀመሪያ ለሚዳ ክሪክና ለጠዋት ዋና ይውላል። ቀኖቹ ወደ ሙሉ ጨረቃ ወይም ወደ ጨረቃ ልደት እየቀረቡ ሲሄዱ ጉድለቱ ወደ ረፋድ ስለሚመጣ፣ ልጆቹ በኮራሉ ኩሬዎች መካከል የሚዞሩበት ጊዜ ይሆናል፤ ዋናው ወደ ከሰዓት በኋላ ይዛወራል፤ ወፍ ወዳዱም ንጋቱን ለውሃ ጉዳይ ግድ በሌለው በደኑ ውስጥ ያሳልፋል።

የሞምባሳን ወይም የማሊንዲን የሙላት ሰንጠረዥ በስልክ ማግኘት ቀላል ነው። ሰንጠረዡ ሰዓትን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሚቆጥር ከያንዳንዱ ቁጥር 6 ይቀንሱ፤ ቁጥሩ ከ7 በታች ከሆነ ከመቀነስዎ በፊት 12 ይጨምሩበት፣ ውጤቱ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ 12 ይቀንሱ፤ በወረቀት ላይም በእኛ አቆጣጠር ገልብጠው ሁሉም የቤተሰብ አባል በሚያየው ቦታ ይለጥፉት። ኬንያ ከእኛ ጋር አንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ስለሆነች ሌላ ማስተካከያ የለም። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ከንጋት ተነሥተው ነው፤ ከእንግዳ ጋር በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከአስጎብኚ ጋር ቀጠሮ ሲይዙ በየትኛው እንደሆነ ጠይቀው ያረጋግጡ።

አራተኛ፦ ሰነድ፣ ጤናና ገንዘብ

የልጆች ፓስፖርት ከሁሉ አስቀድሞ የሚጀመር ጉዳይ ነው፤ የሁሉም ፓስፖርት ከጉዞው በኋላ ቢያንስ 6 ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። ኢትዮጵያውያን ለአጭር ጉብኝት ወደ ኬንያ ያለ ቪዛ ሲገቡ የኖሩ ቢሆንም፣ የመግቢያ ደንብ የሚለዋወጥ ስለሆነ ትኬት ከመግዛትዎ በፊት አዲሱን መረጃ ከኬንያ ኤምባሲ ይጠይቁ። ልጅን ከወላጆቹ አንዱ ብቻ ይዞት የሚወጣ ከሆነ የሌላኛው ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድና የልደት ምስክር ወረቀት መያዝ ይገባል።

የቢጫ ወባ ክትባት ቢጫ ካርድ የግድ ነው። ክትባቱ የሚጸናው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አይተዉት። ወባ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያሳስበኛል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ እዚህ ያደጉ ልጆች ወባን የማያውቁ ናቸው፤ የኬንያ ባሕር ዳርቻ ግን ወባ ያለበት ቆላ ነው። ከጉዞው ሳምንታት አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ፣ የመከላከያ መድኃኒቱ መጠን በልጁ ክብደት የሚወሰን ስለሆነ ከጎረቤት ተውሶ መስጠት አይገባም። አጎበር፣ የትንኝ መከላከያ ቅባትና እጀ ረጅም ልብስ በተለይ ለምሽትና ለንጋት ያስፈልጋሉ፤ ወፍ ተመልካች ከቤት የሚወጣው ትንኝ በሚነክስበት ሰዓት ነውና። ከተመለሱ በኋላ በሚከተሉት ሳምንታት ትኩሳት የታየበት ሰው የት እንደነበረ ለሐኪሙ ይንገር።

የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት ባንኩ ፓስፖርትና ትኬት ስለሚጠይቅ ጊዜ ይስጡት። የኬንያ መንግሥት የሚያስተዳድራቸው ፓርኮች መግቢያ የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በኢንተርኔትና በሞባይል ስለሆነ፣ ማረፊያ ቤቱ ወይም አስጎብኚው እንዲከፍልልዎ አስቀድመው ይነጋገሩ። ኬንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፤ ከ2020 ጀምሮም አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣል ፕላስቲክ በፓርኮችና በተጠበቁ ባሕር ዳርቻዎች አይፈቀድም። ለመንገድ የያዙትን ቆሎና ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ከረጢት ያድርጉት፣ ሻንጣ ውስጥ ጫማ የጠቀለሉበትን ፌስታልም አውጥተው ይተዉት።

አምስተኛ፦ ከመሄድ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ መለማመድ

ልጅ ሩቁን የሚያቀርበውን መነጽር (ባይኖኩላር) ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዘው ባሕሩ ዳር ከሆነ፣ ወፉን ሳያገኘው ይሰለቻል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ባሉት ቅዳሜዎች ጠዋት ጠዋት መሀል ከተማ ላይ ይለማመዱ። በአራት ኪሎ የሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የደረቁ ወፎችን በቅርበት ለማየት ያስችላል፤ የምንቃርና የእግር ልዩነት ምን እንደሚያመለክት ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ከዚያ በእግር ወደ ወዳጅነት ፓርክ ወርደው ዓይን ሳያነሡ መነጽሩን ወደ ፊት ማምጣትን ያስተምሩት፤ ወፉን አስቀድሞ በዓይን መያዝ፣ ዓይንን ከወፉ ሳይነቅሉ መነጽሩን ማንሣት። ልምምዱ ይኸው ነው፤ ግን መደጋገም ይፈልጋል።

የከተማችን ወፎች ለዚህ ቸር ናቸው። ከሥጋ ቤት ደጃፍ የማይጠፋው ጭልፊት ጅራቱ ሹካ መሰል ነው፤ አንገቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ባለ ወፍራም ምንቃር ቁራ የአፍሪካ ቀንድ ልዩ ወፍ ነው፤ ማለዳ ማለዳ እየጮኸ በጣሪያ ላይ የሚያልፈው ከጉሮሮው ሥር ሥጋ የተንጠለጠለበት ዋትልድ አይቢስም እንዲሁ የእኛ አካባቢ ብቻ ነው። ልጆቹ እነዚህን ካወቁ ሞምባሳ ሲወርዱ የሚቀበላቸው አመድማ አንገት ያለው ቁራ ከእኛው የተለየ መሆኑን ወዲያው ያያሉ። ያ ወፍ ከሕንድ የመጣ ወራሪ ሲሆን፣ የአገሩን ትንንሽ ወፎች እንቁላልና ጫጩት በመብላት ብዙ ጉዳት አድርሷል።

ስድስተኛ፦ ዕቃ

ባይኖኩላር የሚባለው አቅራቢ መነጽር ላይ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈው ይገኛሉ። 8 በ42 ከተባለ፣ 8 የሚያቀርብበት እጥፍ ነው፤ 42 ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ለአዋቂ 8 በ42፣ ለልጅ ደግሞ ቀለል ያለው 8 በ32 ይበቃል። ከ10 እጥፍ በላይ የሚያቀርብ መነጽር በእጅ ሲያዝ ስለሚንቀጠቀጥ ገንዘብዎን አያውጡበት። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ እሱን ማስመጣት የተለመደው መንገድ ነው። መነጽሩ በቦሌ ጉምሩክ ጥያቄ ሊያስነሣ የሚችል ዕቃ ስለሆነ፣ ሲወጡ አሳውቀው ማስመዝገብንና የግዢ ደረሰኙን ከነመለያ ቁጥሩ መያዝን አይርሱ።

ሜርሊን የተባለው የወፍ መለያ መተግበሪያ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ የኬንያን ጥቅል ቤት ባለው ዋይፋይ ያውርዱ። መጽሐፍ የሚመርጥ ሰው ለኢትዮጵያና ለአፍሪካ ቀንድ የተዘጋጀው የኬንያን ዳርቻ እንደማይሸፍን ይወቅ፤ የምሥራቅ አፍሪካው ያስፈልገዋል። ለሁሉም ሰው ውሃ ውስጥ የሚገባ ጫማ ይያዙ፣ በኮራሉ መካከል እሾሃማ የባሕር ፍጥረታት አሉ። ዋና የማይችል ልጅ የባሕር ጃኬት ሳይለብስ ከጉልበት በላይ አይግባ።

ሰባተኛ፦ ሚዳ ክሪክ

ሚዳ ክሪክ ወደ የብስ የገባ የባሕር ክንድ ነው። በማንግሮቭ ዛፎች መካከል የተዘረጋ የእንጨት መተላለፊያ አለ፤ መጨረሻው ላይ ጭቃማውን ሜዳ የሚያሳይ መጠለያ ይገኛል። ከጎብኚ የሚሰበሰበው ክፍያ በአካባቢው ላሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የትምህርት ድጋፍ ስለሚውል፣ ይህን ለልጆችዎ ቢነግሯቸው መልካም ነው። መድረስ ያለብዎት ሙላቱ ከመጠናቀቁ 3 ሰዓት ያህል አስቀድሞ ነው። ውሃው ሲጎድል ወፎቹ በሰፊው ሜዳ ላይ ተበትነው ነጠብጣብ ይመስላሉ፤ ፈጽሞ ሲሞላ ደግሞ ወደ ማደሪያቸው ይሄዳሉ፤ በመካከል ባለው ጊዜ ግን እየተገፉ ወደ ተመልካቹ ይቀርባሉ።

ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ሸርጣን በሉ ወፍ፣ ክራብ ፕሎቨር ነው። ነጭና ጥቁር፣ ረጅም እግር፣ እንደ መዶሻ የከበደ ጥቁር ምንቃር ያለው ወፍ ነው፤ ሸርጣን ሲሰብር ልጆች ራሳቸው ያውቁታል። ከወገኖቹ ሁሉ የሚለየው አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ እንቁላሉን እዚያ መጣሉ ነው፤ የሞቀው አሸዋ በመታቀፉ ያግዘዋል። የሚራባው በቀይ ባሕር፣ በሶማሊያና በዓረብ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻዎች ሲሆን፣ ወደ ሚዳ የሚመጣው ከመራቢያው ወቅት በኋላ ነው። አጠገቡ የሚርመሰመሱት ትንንሾቹ፣ ለምሳሌ ምንቃሩ ወደ ታች የጎበጠው ከርሊው ሳንድፓይፐር፣ ከሳይቤሪያ የበረዶ ጠረፍ የመጡ ናቸው። ከእነሱ ወገን የሆኑት በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ላይ ስለሚያርፉ፣ አቢያታን ያየ ልጅ ለእነዚህ ወፎች እንግዳ አይሆንም።

ስምንተኛ፦ ደኑ

የአራቡኮ ሶኮኬ ደን ልዩ ወፎች ሁለት ናቸው ብል ይበቃል። አንዷ ሶኮኬ ስኮፕስ የተባለች ከእጅ መዳፍ ብዙ የማትበልጥ ጉጉት ስትሆን፣ ከዚህና ከታንዛኒያው ኡሳምባራ አካባቢ በስተቀር እምብዛም አትገኝም። ሌላዋ በኬንያ ዳርቻ ብቻ የምትኖረው የክላርክ ጎጆ ሠሪ ናት። ጉጉቷ ቀን ቀን በቀዩ አፈር ላይ በበቀለው ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ተጠግታ ስለምትተኛ፣ ያለ አካባቢው አስጎብኚ የሚያገኛት የለም። ለዋታሙ ቅርብ በሆነችው በጌዴ ያለው የደን ጽሕፈት ቤት በር ላይ ፀሐይ ስትወጣ ይገኙ፣ ዋጋውንም ከመግባት በፊት ይስማሙ። ጉጉቷ ስትገኝ ፎቶ በብልጭታ ማንሣትና የተቀዳ የጉጉት ድምፅ እየደጋገሙ ማሰማት እንቅልፏን ያውካል፤ አስጎብኚው ራሱ ቢያቀርብልዎ እምቢ ይበሉ።

ትንንሽ ልጆችን በዚህ ሰዓት መቀስቀስ አይገባም፤ እነሱ ከሰዓት በኋላ ወደ ጌዴ ፍርስራሽ ከተማ ይሂዱ። ከ12ኛው መቶ ዓመት ገደማ እስከ 17ኛው የቆየችው ይህች የስዋሂሊ ከተማ በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። መስጊዶቿና የቤቶቿ ግድግዳዎች በትልልቅ ዛፎች መካከል ይቆማሉ፣ ጦጣዎች ይዘሉባቸዋል፤ ዕድለኛ የሆነም ወርቃማ ጀርባ ያላትን፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ጥንቸል የምታህል እንስሳ በደረቁ ቅጠል ላይ ስትሮጥ ያያታል። የዝሆን አይጥ የሚሏት እሷ ናት። ወፍ የማይወድ ልጅ እንኳ ስለ እሷ ማውራት አያቆምም።

ዘጠነኛ፦ የየቀኑ ሥነ ሥርዓት

ወፍ ወዳዱ ከአንድ ቃል ፈቀቅ እንዳይል እለምናለሁ፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል በፊት ተመልሶ ከቤተሰቡ ጋር መቀመጥ። ልጆች መሄዱን አይጠሉም፤ የሚጠሉት እመለሳለሁ ባለው ሰዓት አለመመለሱን ነው። ቀትሩ የዕንቅልፍና የጥላ ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ቤተሰብ በኮኮናት ወተት የሚሠራ ባቄላና ሩዝ በየቦታው ስለሚያገኝ አይቸገርም። ባሕሩ ሲሞላ ሁሉም አብሮ ይውላል፤ መነጽሩ በዚህ ሰዓት ክፍል ውስጥ ይቀመጥ። በ1968 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የዋታሙ የባሕር ፓርክ ውስጥ በጀልባ ወጥቶ ዓሦችን መመልከት ከውሃው ጥራት አንጻር በጉድለት አካባቢ ይሻላል፣ የጀልባ ባለቤቶቹም ሰዓቱን ያውቁታል።

አሥረኛ፦ መመለስ

ዛጎልና ኮራል መሰብሰብ ክልክል ስለሆነ፣ ከመነሣት በፊት ባለው ምሽት የልጆቹን ኪስና ሻንጣ ይፈትሹ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከሚለቀስ እዚያው አሸዋው ላይ መመለስ ይቀላል። የመነጽሩን የጨው እርጥበት በንጹሕ ውሃ በራሰ ጨርቅ ካጸዱ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ መስታወቱን በደረቅ ጨርቅ ቀድመው ካሹት አሸዋው ይቧጭረዋል። ያዩትን የወፍ ዝርዝር ኢበርድ በተባለው መዝገብ ላይ ገና ትዝታው ሳይደበዝዝ ያስገቡ፤ ስለ ኬንያ ዳርቻ ወፎች የሚጠና ሁሉ እንዲህ ያለውን መረጃ ይፈልጋል። ሲወጡ ያስመዘገቡበትን የጉምሩክ ወረቀት ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከፓስፖርቱ ጋር በእጅ ይያዙት፤ ቦሌ ሲደርሱ ከቀረጥ ሠራተኛው ፊት የሚፈለገው እሱ ነው።